የወለላ ማተብ

ኅዳር 8፣ ጠዋት 1፡40
ሜካፕ ወንበር ላይ ሆኜ ነው የምጽፍልሽ ደብተሬ። ዛሬ ሦስት ትዕይንት። ሁለቱ ቤ/ክ በር ላይ። ወለላ ጧፍ ትሸጣለች፣ ትሳለማለች፣ ታለቅሳለች። ወለላ የምጫወታት ልጅ ናት። ስድስት ዓመት ሙሉ በፊልም ላይ ነርስ፣ አስተናጋጅ፣ የሟች እህት ስሆን ኖሬ፣ በቴሌቪዥን ድራማ ስም ያላት ሰው ሆንኩ። ያውም እዚሁ አምቦ የሚቀረጽ። እማዬ አንድም ክፍል አላየችም። አላይም ብላለች።

ምሽት 12፡15
ምን ዓይነት ደደብ ነኝ! የወለላን ማተብ ሳላወልቅ ቤት ገባሁ። እማዬ አንገቴን አየች። ራቷን ትታ ጓዳ ገባች። እኛ ጴንጤዎች ነን፤ እኛ ቤት ማተብ ቀልድ አይደለም። እማዬ በሃያ ዓመቷ ጌታን ስትቀበል የራሷን በጠሰች። አባቷ አዲስ ዓለም ካለው ቤታቸው አስወጧት። ሠላሳ ዓመት አልተያዩም። አያቴን የማውቃቸው በአንድ ፎቶ ነው።

ኅዳር 12
አያቴ ደወሉ! ለእማዬ! ጎረቤታቸው ቤት ድራማውን አይተው ነው፤ ስሜን አንብባ የማን ልጅ እንደሆንኩ የነገረቻቸው፣ ስልካችንንም ያፈላለገችላቸው ጎረቤቲቱ ናት። ነጠላ ለብሼ፣ ማተብ አስሬ፣ ደጁን ስሳለም። ድራማ መሆኑን ያውቃሉ፤ ግን የማያምንበትን ክር ሰው አንገቱ ላይ ያስራል ብለው አያስቡም። ወደ ሃይማኖታችን ተመልሳለች አሉ፣ በቃ። ልጅቷ ትምጣ። እማዬን አልጠሯትም።

እማዬ ስልኩን ዘግታ አለቀሰች። ከዚያ ምን ብትለኝ ጥሩ ነው? ማተቡን አስረሽው ሂጂ። አትዋሺ፣ ዝም በይ ብቻ። ትወና ውሸት ነው እያለች ስትገስጸኝ የኖረች ሴትዮ! ጮህኩባት። እሷ ግን ስልኩን በሁለት እጇ እንደያዘች ነበር። እሺ አልኩ።

ኅዳር 16
ሄድኩ። በር ላይ ቆመው ጠበቁኝ። «ኮቱ፣ ኢንተላ ኮ» አሉ፤ ነይ ልጄ። ዓይናቸውን ሞራ በከፊል ጋርዶታል። ፊቴን ዳሰሱ፣ ከዚያ አንገቴን፣ ከዚያ ክሩን። ሳሙት።

የጾም ሽሮ ቀረበ። ዓይኔን ጨፍኜ፣ መዳፌን ዘርግቼ፣ በቤታችን ልማድ ጮክ ብዬ መጸለይ ጀመርኩ! «በኢየሱስ ስም» ላይ ስደርስ ነቃሁ። አማተብኩ። ጎረቤቲቱ ትክ ብላ አየችኝ። አያቴ «አሜን» አሉ። ካሜራ ፊት እንደዚያ ፈርቼ አላውቅም።

የባሰው ኋላ መጣ። ለጽዮን ማርያም ተስለው ኖረዋል፤ የልጄ ቤት ከተመለሰ ጃንጥላ አስገባለሁ ብለው። ገዝተውታል። በበዓሉ ቀን፣ ኅዳር 21፣ እኔ ይዤላቸው በሕዝቡ መሐል ልናልፍ ነው። «እናትሽም ትምጣ» አሉኝ ስንሰነባበት።

ኅዳር 17
እማዬ ከምትሠራበት ጤና ጣቢያ እንደገባች ነገርኳት። ጋዋኗን እንኳ አላወለቀችም። እናትሽም ትምጣ አሉ? በትክክል ምን አሉ? ሦስት ጊዜ አስደገመችኝ። አንድ ቀሚስ ስታወጣ፣ ስትመልስ አመሸች። አንጀቴን በላችው።

ኅዳር 19
ቀረጻው ገደል ገባ። አንዷን ትዕይንት ዘጠኝ ጊዜ ደጋገምን። ዳይሬክተሩ ተናደደ፤ ወለላ የት ሄደች አለኝ። ለሁለተኛው ምዕራፍ ሌላ ተዋናይት ማየት እንደማያቅተው ጣል አደረገ። እውነቱን ነው፣ ወለላ የለችም። ያንን ክር ባሰርኩ ቁጥር የአያቴ ከንፈር ትዝ ይለኛል።

ዝም ብል ሽማግሌው በእኔ ውሸት ስለት ሊያስገቡ ነው። ነገ ሰው ቢሰማ በደብራቸው መሳቂያ ይሆናሉ። ብናገር ለእማዬ የተከፈተውን በር እኔው ዘጋሁት። ጨነቀኝ።

ኅዳር 20፣ ከሰዓ. 11፡00
ወሰንኩ። ማተቡን ለአልባሳት ክፍል አስረከብኩ። ነገ ባዶ አንገቴን ሄጄ፣ ከስለቱ በፊት፣ ለብቻቸው እነግራቸዋለሁ። ለእማዬ ነገርኳት። አንድ ቀን ብቻ፣ በዓሉ ይለፍ ብላ ለመነችኝ። እምቢ አልኩ። አባቴን ሁለተኛ ልታሳጪኝ ነው አለች። እኔም አለቀስኩ።

ኅዳር 21፣ ጠዋት 12፡10
መናኸሪያ። ሚኒባሱ እስኪሞላ። ብቻዬን ነኝ ብዬ ነበር። እማዬ መጣች። ያንኑ ቀሚስ ለብሳለች። አጠገቤ ተቀምጣ ዛሬ አንቺ አትናገሪም አለችኝ። ክሩ የእሷ የሥራ ልብስ ነው፣ ማተቤን የበጠስኩት እኔ ነኝ፣ ዛሬም አልመለስኩም እላቸዋለሁ። ካስገቡኝ እገባለሁ፤ ካላስገቡኝ ደጃቸው ላይ ቆሜ አያቸዋለሁ።

1፡35
ጊንጪን አለፍን። አዲስ ዓለም ገባን። መንገዱ በነጠላ ነጭ ሆኗል። አያቴ አስፋልቱ ዳር ቆመዋል፤ እጃቸውን ግንባራቸው ላይ አድርገው መኪና መኪናውን ያያሉ። እማዬ መስኮቱን ያዘች። «አባዬ አርጅቷል» አለች። ቀጥላ ደግሞ ሹፌሩ እስኪደነግጥ፣ «ወራጅ አለ!» ብላ ጮኸች። ገና ሳይቆም ተነስታለች፣ ልትወድቅ ነው፣ ልያዛት! ቀሪው በኋላ።