የላፕቶፑ ቂርአት

ጥር 6፣ ከዙህር በኋላ

ለመላው የሐይቅ ሕዝብ የወጣ ማስታወቂያ፦ የጡረተኛው መምህር፣ ማለትም የኔ፣ የጋቢ ጫፍ ዛሬ ጠዋት በበግ ተበልቷል። በጉ በቁጥጥር ሥር ውሏል። ሕዝቡ ተረጋግቶ ወደ ሥራው ይመለስ።

ሳቅ እንጂ አንተ ደብተር። ሌላ የሚያስቅ የለኝም።

መብራት እንደጠፋ ነው። ኢንተርኔትም የለም። የልጅ ልጄ ዘይነባ ከዓረብ ሀገር ይዛው በመጣችው ላፕቶፕ ፕሮግራም መጻፍ ትማራለች። ደሴ ያለ አንድ መሥሪያ ቤት በወሩ መጨረሻ ይፈትናታል። ካለፈች እዚሁ ቤቷ ሆና ትሠራለች። ከወደቀች ተመልሳ ትሄዳለች፤ የውጫሌው ደላላ ፓስፖርቷን ከአሁኑ ጠይቋል። ክንዷ ላይ ያሠሪዋ ዘይት ያቃጠላት ቦታ ገና አልሻረም።

ጥር 8

አስተማሪ የላትም። ያለው ኮድ መጻፊያው ፕሮግራም ራሱ በሆዱ ይዞት የመጣ መመሪያ ብቻ። እሱም በእንግሊዝኛ። ባትሪው ደግሞ ቶሎ ይሞታል፤ የሚሞላውም ገበያ ካለ ጀነሬተር በገንዘብ ነው።

መላ አገኘሁ። በልጅነቴ ሸኹ ዘንድ ኪታብ እንደቀራሁት። እሷ መስመሩን ታነባለች፣ እኔ ትርጉሙን በአማርኛ እሰጣለሁ፣ ላፕቶፑ ይዘጋል፣ በቃሏ ትወጣዋለች። ካልያዘችው ወደሚቀጥለው ማለፍ የለም።

ኮድ መጻፊያው ጉደኛ ነገር ነው። ተከፍቶም ጽሑፍ አይቀበልም። መጀመሪያ አንዲት ፊደል ነክተው ያስፈቅዱታል፤ አለዚያ የጻፉትን ሁሉ ትእዛዝ ነው ብሎ መስመር ይሰርዛል። ልክ እንደ እናትሽ ነው አልኳት፣ ሳያስፈቅዱ አይናገሯትም።

«እነግርብሃለሁ አባዬ» አለች።

ጥር 15፣ የዐስር ሶላት ሲደርስ

ሐይቁ ዳር ወረድን። ምዕራፉን ከላይ እስከ ታች ወጣችው፣ አንዲት ቃል ሳትስት። ዓሣ አጥማጆቹ መረባቸውን እንደያዙ ሰሟት። ስትጨርስ አንዱ አሚን አለ። እኔም አላረምኩትም።

ደስ ብሎኛል። የኔ ደረሳ፣ የኔ ተማሪ።

ስንመለስ ግን እየጻፍኩ ጣቴን ላለማምድ አለችኝ። ባትሪ መጨረስ ነው አልኩ። ቃሉ ከገባ ጣት የት ይሄዳል። ተከራከረች። እኔ ሸኽ ሆንኩባት። ቀድማኝ ሄደች።

ጥር 27፣ ከመግሪብ በፊት

ከደሴ ተመለሰች። ወድቃለች።

ነገሩን ቀስ ብላ ነገረችኝ። የትኛውንም ገጽ ቢጠይቋት ትወጣው ነበር። ማንም አልጠየቃት። ሥሪ አሏት እንጂ። አንድ ነገር ባስፈለጋት ቁጥር ምዕራፉን ከመጀመሪያው በልቧ መቅራት ያዘች፣ እዚያ መስመር እስክትደርስ። እኔ አንዲት የቁርኣን አያ ስትጠፋኝ ሱራውን ከአናቱ እንደምጀምረው። አጠገቧ የተቀመጠው ልጅ ጣቱ ይሮጣል፣ የሷ ከንፈር ይንቀሳቀሳል። ስትቸኩል ያቺን ፊደል ሳትነካ ጻፈች፤ የሠራችው ተሰረዘ። የተሰረዘ እንዴት እንደሚመለስ ታውቃለች። እሱን እየቀራች ሳለ ሰዓት አለቀ።

የምቀልደው አጣሁ። አብሽሪ፣ አይዞሽ፣ ልላት ስል ቀደመችኝ።

«አብሽር አባዬ» አለችኝ እሷ።

ጥር 29

ደላላው መጣ። እናቷ አላስገባም አለች፤ ዘይነባ ራሷ ወጥታ አናገረችው። ፓስፖርቱን ሰጠችው። ከደጅ ሆኖ ሰላም ሲለኝ ያልሰማ መሰልኩ። ያረጀ ጆሮ ለዚህ ይጠቅማል።

ዕቃ ልትከትበት ያወጣችውን ሻንጣ ባዶውን አየሁት። ትንሽ ነው።

የካቲት 4፣ ከሱብሒ በኋላ

ሄደች። ባጃጅ በር ድረስ መጣ። እናቷ ከቤት አልወጣችም። እጄን ሳመች፣ እኔም ግንባሯን። የሻረ ያልሻረ ክንዷን በሻርፕ ጠቅልላዋለች።

ላፕቶፑን ለኔ ተወችው። መመሪያውን ቅራልኝ አባዬ፣ ስመለስ እኔ እፈትንሃለሁ፣ በጣት እንጂ በቃል አልቀበልም አለችኝ። ሳቅን።

እንደሄደች ከፈትኩት። ያቺን ፊደል ነካሁ። ስሟን ጻፍኩ። በአንድ ጣት፣ ፊደል በፊደል እየፈለግኩ። በየቀኑ ባትሪው እስኪሞት ልለማመድ ወስኛለሁ።

ደብተር፣ አንተን መዋሸት ምን ያደርግልኛል። ቅራልኝ፣ እፈትንሃለሁ አለችኝ ያልኩትን እኔ ነኝ የጨመርኩት። አልሳቅንም። ያለችኝ፣ አቧራ እንዳይገባው ሸፍነው፣ ብቻ ነው።