ጨመርን እንጂ ምን ቀነስን?

…እናትሽ የሽሮ እህል ሲመጥኑ ባቄላ ልጨምር ብዬ እጄን ስዘረጋ፣ «ተይ! ባቄላው አተሩን ይበላዋል» ያሉኝ ትዝ አለኝ፣ ናፍቆት።

ቂሊንጦ ነኝ። የባለቤቴ እህት ኢፍቱ በምትሠራበት የሕፃናት ምግብ ዱቄት ፋብሪካ፣ ከሥራ አስኪያጁ ቢሮ ውጭ አግዳሚ ላይ ተቀምጬ እጽፍልሻለሁ። ኢፍቱ በቆሎ፣ አኩሪ አተርና አጃ በተለያየ ልክ እያደባለቀች ሞክራ፣ ለሕፃናት የሚበጀውን ምጥን በስታትስቲክስ ቀመር አግኝታለች። ግድግዳዋ ላይ የለጠፈችው ሥዕል ሦስት ማዕዘን ነው፤ በየጥጉ አንድ እህል አለ። ወደ በቆሎው ጥግ በተጠጋሽ ቁጥር ከሌሎቹ ትርቂያለሽ።

ሥራ አስኪያጁ ግን በቆሎ ርካሽ ነው ብሎ አበዛው። በሩ ክፍት ስለነበር ሰማሁት።

«ዶክተሯ፣ ጨመርን እንጂ ምን ቀነስን?»

«ጋሼ፣ ከረጢቱ እኮ ያው አንድ ኪሎ ነው! የጨመሩት ሌላውን አስወጥቶ ነው የገባው።»

ሳቀ። ሳቀ፣ ናፍቆት! እኛ ሰፈር ምጥኑ የተዛባ ሽሮ ለእንግዳ እንኳ አይቀርብም፤ ይህ ሰው ግን ጥርስ ላላወጣ ልጅ ያቀርባል።

«እንግዲያው ‹ምጥን› የሚለውን ቃል ከከረጢቱ ላይ ያንሱ።»

«ቃሉ ከተነሳ አንቺም ትነሻለሽ።»

ወጥታ አጠገቤ ተቀመጠች። እኔም ይኸው ይህን ፖስት ካርድ እሞላለሁ፤ ጽሑፌ የተንጋደደው በንዴት ነው። ለትንሿ ልጅሽ ልልክላት ያሰብኩትን ዱቄት ትቼዋለሁ። ጉንጯን ሳሚልኝ፣ የእናትሽን ጉልበትም። ቦታ አለቀ። ኢፍቱ ‹ምጥን› የሚል የታተመበት አንድ ከረጢት ታቅፋ ተነሳች። ተመልሳ ወደ ሰውየው ቢሮ ገባች። በሩ ተዘጋ።