ጾም ነው ያልክበት የአየርላንዶች በዓል

ለባለቤቴ ለጌታቸው፤

ጌቴ፣ ከተለየኸኝ ዛሬ ስምንት ወር ከሦስት ሳምንት ሆነ። እንደምን ሰነበትክ ብዬ ልጀምር አልኩና መልሱን ማን ይሰጠኛል ብዬ ተውኩት። እኔ እንደሆንኩ ደህና አይደለሁም። ተናድጃለሁ። ሴት በሞተ ባሏ ላይ ትናደዳለች ወይ ብትለኝ፣ አዎ፣ ያውም እንዴት አድርጋ!

እዚህ ስዊድን የሃግሴትራው ቤታችን እንዳለ ነው። ከላያችን ያሉት አሮጊት ፒያኖአቸውን ሸጠው ገላገሉን። ስልክ አስገብቻለሁ። ፋርስታ ሰፈር ካለው መድኃኒት ቤት ሥራ ይዤ ነጭ ጋዋን ለብሼ እውላለሁ። ምድር ቤት ባለችው የጋራ ልብስ ማጠቢያ፣ በትቬትስቱጋዋ የተራ ሰሌዳ ላይ፣ ሐሙስ ከሰዓት አሁንም በአንተ ስም ነው የተያዘው። አስቀይሪው ይሉኛል፣ አላስቀየርኩም። ካፖርትህን ለአገርህ ልጅ ለተስፋዬ ሰጠሁት። እጅጌው አጠረው፤ እሰይ አልኩ።

የእናትህ ደብዳቤ ደግሞ ደርሶኛል። ጌቴ፣ እናትህ መሞትህን አያውቁም። አንተ ባረፍክ ሰሞን እሳቸውም ታመው ስለነበር፣ ተስፋዬና የአገር ልጆቹ እንዳትነግሪያቸው ብለው ለመኑኝ። መጀመሪያ ክረምቱ ይውጣ አሉኝ። ቀጥሎ መስቀል ይለፍ፣ ቀጥሎ ገና ይለፍ፣ አሁን ደግሞ ሁዳዴው ይፈታ ነው የሚሉት። እኔም አምስት ደብዳቤ በአንተ ስም ጽፌ ወደ ደሴ ልኬአለሁ። የንስሐ አባታቸው ናቸውና የሚያነቡላቸው፣ የእጅ ጽሑፉን ማንም አልጠረጠረም። ልጅዎ ጌታቸው እያልኩ እፈርማለሁ። አሁን ለምን ፎቶግራፍ አትልክልኝም፣ ከሳህ ወይ ብለው ጠይቀውኛል። መልስ ይጠብቃሉ።

ይህን ይዤ ቁጭ ባልኩበት ዛሬ ጠዋት ስልኩ ጮኸ። የትምህርት ቤት ጓደኛህ አየርላንዳዊው ዴክለን ነው። የአገሩ በዓል ዛሬ ነውና፣ እንደ አምናው መጠጥ ቤት ለመጠጥ ቤት እንዙር፣ ለጌታቸው መታሰቢያ ይሆናል አለኝ። ምስኪን፣ ክፋት የለውም። ራሴን አሞኛል ብዬ ዘጋሁትና ስቅስቅ ብዬ አለቀስኩ።

አምና ትዝ ይልሃል? ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነበር። በረዶው አልቀለጠም። አንተ፣ እኔ፣ ተስፋዬና ዴክለን ተያይዘን በአሮጌው ከተማ ጠባብ መንገዶች እየተንሸራተትን ገባን። ዴክለን አረንጓዴ ከረባት አስሮ፣ የስዊድንን አሳላፊዎች የአገሬን ኮክቴል ካላስተማርኩ ብሎ ድርቅ አለ። በመጀመሪያው ቤት ዊስኪ ከአረንጓዴ የናና አረቄ ጋር አስደባለቀ። በጥርስ ሳሙና የተጉመጠመጥኩ መሰለኝ፤ ቢሆንም ጨለጥኩት። እዚህ አገር ጠንካራ መጠጥ ያለምግብ አይሸጥምና፣ ለእያንዳንዳችን እንቁላልና አይብ የተደረገበት ዳቦም መጣ። አንተ ግን ብርጭቆውንም ሳህኑንም ገፋ አድርገህ፣ ሁዳዴ ነው፣ ጾም ይዣለሁ አልክ።

ሁዳዴ! ስዊድን ከገባ አንዲት ዓርብ ጾሞ የማያውቅ ሰው! በሳቅ ፈረስኩ። ተስፋዬ ያንተን ዳቦ አንስቶ አቀርቅሮ በላ። ያኔ ሆዳም ብዬ አለፍኩት።

በሁለተኛው ቤት ጥቁር ቢራ ከሻምፓኝ ጋር ቀረበ። እሱስ ጥሩ ነበር፣ አልዋሽህም። አሁንም እምቢ አልክ። እኔም ሞቅ ብሎኝ፣ አባ ጌታቸው ይፍቱኝ እያልኩ ተነስቼ እጅህን ተሳለምኩ። ዴክለን ምንም ሳይገባው አጨበጨበ። አንተም ሳቅክ፤ ሳቅህን አይቼ ደስ አለኝ።

ሦስተኛው ቤት ነው ጉዱ። ዊስኪና ስኳር የገባበት ቡና፣ ላዩ ላይ ወፍራም ክሬም የተደረገበት። ብርጭቆው ከፊትህ ተቀምጦ ሲቀዘቅዝ ደሜ ፈላ። ሰው በበዓሉ ጋብዞህ ትንቀዋለህ፣ እኔንም ሰው ፊት ታሳፍረኛለህ፣ አንድ ጉንጭ ብትቀምስ ምን ትሆናለህ ብዬ ጮህኩብህ። ተስፋዬ ክንዴን ቢይዘኝ መነጨቅሁት። አንተም ብርጭቆውን አንስተህ ከነክሬሙ እስከ ግማሹ ጠጣህ። ከንፈርህ ላይ የቀረውን ነጭ በመሐረቤ ጠረግሁልህ። እሰይ ነው ያልኩት፣ ጌቴ። አፌን በቆረጠው!

ለካ ሐኪሙ በጥር ወር ጉበትህ እንዳለቀ ነግሮህ ኖሯል። መጠጥ በአፍህ እንዳይዞር ብሎህ ኖሯል። ተስፋዬ ያውቃል፣ የአገር ልጅ ሁሉ ያውቃል፤ የመጨረሻ ፈተናዋን እስክታልፍ አትስማ ብላችሁ መክራችኋል። ከዚያ ጠረጴዛ ያላወቅነው እኔና ዴክለን ብቻ ነበርን። እኔ ሚስትህ፣ ከባዕዱ እኩል! አራት ዓመት መድኃኒት ቅመማ የተማርኩት ሴትዮ፣ ዓይንህ ቢጫ ሲሆን እያየሁ ጾሙ ነው ያከሳው ብዬ አመንኩህ። ፈተናውን ባለፍኩ በሳምንቱ ነገራችሁኝ። አምስት ወር የነበረኝን ሦስት ሳምንት አደረጋችሁብኝ። ለእኔ አዝናችሁ እንደሆነ አውቃለሁ። ግን ማን ጠየቃችሁ? ፈተናው ይቅር፣ ዲፕሎማው ገደል ይግባ ማለት የእኔ ፈንታ ነበር። ያቺ ግማሽ ብርጭቆ አይደለችም የገደለችው ይለኛል ተስፋዬ። መድኃኒት ቀማሚ ነኝ፣ አውቃለሁ። አውቄም አላረፍኩም።

ዛሬ ለቅሶዬን ስጨርስ የእናትህን ደብዳቤ እንደገና አነበብኩ። እናንተ በእኔ ላይ ያደረጋችሁትን እኔ በእሳቸው ላይ እያደረግሁ ነው፤ ያውም አንተ አምስት ወር፣ እኔ ስምንት። እናት ልጇን የምታለቅስበትን ቀን እኔ ማን ነኝ የምቆርጥላት? ተስፋዬን አላማከርኩም። ለንስሐ አባታቸው ሁሉንም ጻፍኩ፤ ጎረቤት ሰብስበው፣ በደንቡ፣ ማለዳ መርዶውን እንዲነግሩልኝ ለመንኩ። ከሥሩ የራሴን ስም ፈረምኩና ራሴው ፖስታ ቤት ሄጄ ሰጠሁት። እናትህ ይረግሙኝ ይሆናል። ይርገሙኝ፣ መብታቸው ነው።

አንተን ግን አልረሳህም፣ ጌቴ። ደግነትህን ብቻ ለቅሜ ሳይሆን ከነውሸትህ አስታውስሃለሁ፤ ስናፍቅህም ስቆጣህም እኖራለሁ። ደብዳቤው ደሴ እስኪደርስ ሁለት ሳምንት ይፈጃል። እስከዚያ ድረስ ለእናትህ በሕይወት አለህ።

ሚስትህ፣
ስንዱ