ዴስክቶፕ ላይ የነበረው

ኅዳር 9 ቀን 2001 ዓ.ም.

ኮምፒውተሩ ተሠርቷል ተብሎ ተደወለልኝ። እንዲፈጥንልኝ አዲስ ሚሞሪ ካስጨመርኩ ወዲህ፣ እየጻፍኩ ሳለ ስክሪኑ ሰማያዊ ሆኖ ይጠፋ ነበር። አራት ዓመት የለፋሁበት ልቦለድ ያለው ኮምፒውተሩ ውስጥ ብቻ ነው። ከየካ ቁልቁል ወደ መገናኛ በእግሬ ወረድኩ።

ሚሞሪውን የገጠመችልኝ ትዕግስት ሱቋ ውስጥ በፈገግታ ተቀበለችኝ።

«ቆሽሾ ይሆናል ብዬ የሚሞሪውን እግር በላጲስ አጽድቼ መለስኩት፣ ጋሼ። ፎርማት አድርጌም አዲስ ዊንዶውስ ጫንኩልዎ።»

«ጽሑፌስ?»

«ዲ ድራይቭ ላይ ያለው አልተነካም።»

«ዴስክቶፕ ላይ ነበር።»

ፈገግታዋ ጠፋ። «ጋሼ፣ ፎርማት እኮ ዴስክቶፕ ላይ ያለውን ሁሉ ያጠፋል። ሰው ሁሉ ይህን እየፈራ ዲ ላይ ነው የሚያስቀምጠው።»

ሰው ሁሉ የሚያውቀውን እኔ የምሰማው ሁሌም ካለፈ በኋላ ነው።

ሥራዋን ልታሳየኝ ኮምፒውተሩን አበራችው። ብዙም ሳይቆይ ስክሪኑ ሰማያዊ ሆነ። አዲሱን ሚሞሪ ነቀለችና በአሮጌው ብቻ አስነሳችው። ቆመን ጠበቅን፤ አልጠፋም።

«ለካ ችግሩ ይሄ ነበር» አለች፣ የነቀለችውን እያገላበጠች። «ይጠብቁኝ፣ በሌላ ልቀይርልዎ።»

መንቀሉ አንድ ደቂቃ አልፈጀም፤ ፎርማት ከማድረጓ በፊት ብትሞክረው ኖሮ ልቦለዴ ይተርፍ ነበር። ወደ ውስጥ ስትገባ ኮምፒውተሩን ባንኮኒው ላይ እንደበራ ትቼው ወጣሁ።