ሙዘይን ያፈሰሰው ውሃ

ልጄ ሀስና፣

በሰው አገር አላህ ከክፉ ዓይን ይጠብቅሽ፤ የረገጥሽው ይለምልም። እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። የአባትሽም ጉልበት ተሽሎታል።

አንቺ ጋሼ የምትይው ጎረቤታችን ሙዘይን መጋዘኑን ሲያሰፋ የጎርፍ መውረጃውን ደፍኖ፣ ክረምት ላይ የአባትሽን ሱቅ ጣቃ ጨርቅ ሁሉ ውሃ እንደበላው ታውቂያለሽ። «የአላህ ሥራ ነው» ብሎ ሸኘን።

ዘንድሮ ተማሪዎቼን ስለ ጎርፍ ሳስተምር ሰፈራችንን በሞዴል አሠራኋቸው፤ ሱቆቹን ከምን አለሽ ተራ በለቀምነው ቆርቆሮ፣ መንገዱን በጭቃ። ለወላጆች ቀን ሙዘይንን የክብር እንግዳ ብዬ ጠራሁት። ክብር ሲወድ! ሙሉ ልብሱን ግጥም አድርጎ መጣ። ጆጉን አስያዝኩትና «ዝናቡን እርስዎ ያውርዱልን» አልኩት። አፈሰሰ። ውሃው የተደፈነው ቦይ ጋ ሲደርስ ተመልሶ አረንጓዴ በር ያላት ሱቃችን ውስጥ ገባ። ተማሪዬ የሆነችው የገዛ ልጁ «ቲቸር፣ ቦዩን ማነው የደፈነው?» አለች።

«እሱንማ አባትሽን ጠይቂ» አልኳት።

በማግስቱ ቦዩን አስከፈተ። አባትሽ «በቃ፣ አውፍ በይው፣ ይቅር በይው» ይለኛል። ሞዴሉን ግን አላፈረስኩም፤ የከርሞዎቹም ተማሪዎች ይጠይቃሉ።

ቤት ስትከራዪ ምድር ቤት እንዳትገቢ። አላህ ያሰብሽውን ያሳካልሽ። በዱዓሽ ሁላችንንም አስቢን፤ ሙዘይንን ግን ለእኔ ተይልኝ።

እናትሽ ፈሪዳ