ለአዘዘ የማሰምረው ወረቀት

ጥር 14
ከሰዓት በኋላ መብራት ጠፋ። በረንዳ ላይ ወጥቼ ለዘንድሮው የተኩስ ውድድር ወረቀቶቹን አሰምሬ ጨረስሁ። የሐይቁ ንፋስ ወረቀቱን እያነሣ ሲያስቸግረኝ አራቱንም ጥግ በሎሚ ያዝሁት።

ከዚያ ላባዛቸው ወደ ዘይነት ፎቶ ኮፒ ቤት። በየዓመቱ ምን እንደሆነ ትጠይቀኛለች፣ በየዓመቱ አስረዳታለሁ። ዒላማው በአንድ ለአሥር አንሶ ይሳላል፤ በላዩ ላይ መስመር ይሰመራል። ባሌ አዘዘ ይተኩሳል። እኔ ከጎኑ ተቀምጬ ጥይቱ ያረፈበትን በመነጽር አይና ወረቀቱ ላይ ነጥብ አደርጋለሁ። ከነጥቡ እስከ መሃል ያለውን መስመር ቆጥሬ ማነጣጠሪያውን በስንት ደቂቃ እንደሚያዞር እነግረዋለሁ። በስድስት መቶ ሜትር አንድ ደቂቃ አሥራ ሰባት ሳንቲሜትር ተኩል ነው፤ ወረቀቱ ላይ አሥራ ሰባት ሚሊሜትር ተኩል።

«ደቂቃ በማስመሪያ ነው እንዴ የሚለካው?»
«የማዕዘን ደቂቃ ነው፣ ዘይነት፤ የዲግሪ ስድሳኛ።»
«ዕድሜሽን ሙሉ ጋዜጣ ቤት ገጽ ስታሰምሪ ኖርሽ፣ ጡረታ ወጥተሽም መስመር። ሌላው ሰው ባሉን በወጥ ነው የሚይዘው።»

ሳቅን። ደስ የሚል ቀን ነበር።

ጥር 15
አዘዘ እራት ላይ፣ ዓይኑን ከሳህኑ ሳያነሣ… «ወረቀቱን ሊድያ በኮምፒውተር ሠርታልኛለች። የአንቺን ለመጠባበቂያ እንያዘው።»

ለመጠባበቂያ።

ሊድያ በኅዳር ወደ ተኩስ ክበቡ የመጣችው ልጅ ናት። የአዲስ አበባ ልጅ፤ ዩኒቨርሲቲ ቅየሳ ታስተምራለች። ሥርዓት ያላት፣ ሳቂታ። እስከ ዛሬ ወድጃት ነበር።

ጥር 17
ቅዳሜ። ተኩስ ሜዳ ዋልን። ምንጣፉ ላይ፣ ከአዘዘ ጎን፣ ከመነጽሩ ኋላ፣ ሊድያ ተቀመጠች። እኔ ከገመዱ ወዲህ፣ ከዛፉ ሥር፣ የሻይ ፔርሙዝ ይዤ።

ሲተኩስ በግራ ጆሮው በኩል የሚያወራው ሰው ማን እንደሆነ አይቶ አያውቅም፤ ድምፅ ብቻ ነው የሚሰማው። ስንት ዓመት የእኔ ድምፅ ነበር። ዛሬ የእሷን ሰምቶ እንደ እኔው አዞረ፣ እንደ እኔው ተኮሰ። ልዩነት ያለው አይመስልም።

ስለ ሌላው ነገር አልጠረጥርም። ልጁ ልትሆን ትችል ነበር፤ እሱም እንደዚያ ዓይነት ሰው አይደለም። የምቀናው በወረቀቱ ነው። ይህን ለማን ይነግሩታል? ዘይነት ብትሰማ ትስቅብኛለች።

ጥር 22
የሊድያን ወረቀት ጠረጴዛ ላይ ረስቶት ወጣ። አየሁት።

መስመሩ ቀጭንና ጥርት ያለ ነው፤ የእኔ እርሳስ እንደዚያ አይወጣለትም። የንፋስ መጻፊያ ሣጥን ሁሉ አለው።

ከዚያ ክቡን አየሁት። ክብ አይደለም።

ጋዜጣ ቤት ሳለሁ ፎቶ ከቦታው ሲያንስባቸው ወደ ጎን ጎትተው የሚለጥጡ ልጆች ነበሩ። የሰው ፊት እንደ ዳቦ ይሰፋል። በር ላይ ቆሜ «ይኼ ሰውዬ ከትናንት ወዲህ ወፈረ?» እላቸው ነበር። አዘዘ ይህን ወሬ ቤታችን ለመጣ እንግዳ ሁሉ ያወራል። «ሚስቴ የተዛባ ክብ ካየች እንቅልፍ አይወስዳትም» እያለ።

የብረት ማስመሪያዬን አመጣሁ። መሃል ያለው ጥቁር ክብ ከላይ ወደ ታች ስድስት ሳንቲሜትር፤ ልክ ነው። ወደ ጎን ስድስት ሳንቲሜትር ከሰባት ሚሊሜትር። የገጹን ስፋት እንዲሞላ የዒላማውን ሥዕል ለጥጣዋለች። መስመሮቹ ግን በትክክለኛው ልክ ናቸው፤ ነጥቡ የሚደረገው በሥዕሉ፣ የሚቆጠረው በመስመሩ፤ ሁለቱ አይገናኙም። መሃል አካባቢ ልዩነቱ አይታወቅም። ጥይቱ ወደ ጎን በራቀ ቁጥር ግን ያድጋል። አራት ደቂቃ የራቀው አራት ተኩል ተብሎ ይነበባል፤ በዚያው ልክ ያዞራል፣ ጥይቱ ወዲያ ማዶ ያልፋል።

ወደ ጎን የሚገፋው ደግሞ ንፋስ ነው። ጠዋት ሐይቁ ሲተኛ ምንም አይታይም።

ወረቀቱን እንደነበረ አድርጌ አስቀመጥሁት።

ጥር 23
አልነገርሁትም። ነገ እነግረዋለሁ።

የካቲት 1
ቅዳሜ። ጠዋቱ ጸጥ ያለ ነበር፤ ቅጠል አይንቀሳቀስም። አዘዘ በዘንድሮ ተኩሱ እንደ ዛሬ አልመታም። የሜዳው ኃላፊ ወልደ ጻድቅ የሊድያን ወረቀት ከፍ አድርጎ ለሁሉም አሳየ። «እንዲህ ነው ሥራ ማለት!» የእኔን አንድም ቀን ከፍ አድርጎት አያውቅም።

ስንመለስ መኪና ውስጥ አዘዘ ያፏጫል። እኔ በመስኮት የመሸንቲን ቤቶች አያለሁ።

«ምነው ዝም አልሽ?»
«ፀሐዩ ነው።»

የካቲት 5
ሊድያ ቤት ድረስ መጣች፤ ለማጣሪያ ውድድሩ ያተመቻቸውን ወረቀቶች ይዛ።

«እትዬ ሰገነት፣ እባክዎ ይዩልኝ። ጋሽ አዘዘ የእርስዎ ዓይን አይስትም ብለውኛል። እኔ መሬት እንጂ ወረቀት ለክቼ አላውቅም።»

አገላበጥሁ። እያንዳንዱ ላይ ያው ሞላላ ክብ። ፊቴን ታያለች።

«ያምራል» አልሁ።

ውሸት አይደለም፤ ያምራል። ጋዜጣ ቤት የሠራ ሰው ሳይዋሽ እንዴት እንደሚደብቅ ያውቃል። ሙዝና ሻይ አቀረብሁላት። ስትሄድ ጉንጬን ሳመችኝ።

የካቲት 9
አዘዘ ጠመንጃውን እየወለወለ፦ «ዘንድሮ ካላለፍሁ ለክበቡ እመልሰዋለሁ። በቃኝ። ወጣቶቹ ይያዙት።» ወደ አገር አቀፉ ውድድር የሚያልፉት ሁለት ሰዎች ናቸው። ባለፈው ዓመት ሦስተኛ ነበር። ካቻምናም።

እንደሚያልፍ አውቃለሁ። ሁሉንም አስቤበታለሁ። ማጣሪያው ሁለት ዙር ነው፤ በመካከሉ እረፍት አለ። አንደኛው ዙር ጠዋት ነው፣ ሐይቁ ተኝቶ። ንፋሱ ሲነሣ እረፍት ላይ እንሆናለን። ያን ጊዜ ጠጋ ብዬ ክቡን አሳየዋለሁ፣ የእኔን ወረቀት እሰጠዋለሁ። በሁለተኛው ዙር ምንጣፉ ላይ እኔ እቀመጣለሁ። ሰው ሁሉ እያየ።

ምን ዓይነት ሰው ነኝ? …ግን እኮ ማንም አይጎዳም።

የካቲት 14
ወረቀቶቼን ቦርሳዬ ውስጥ ከተትሁ። እንዳይታጠፉ በካርቶን መካከል።

የካቲት 15
ንፋሱ በጠዋት መጣ።

አንደኛው ዙር ሳይጋመስ ባንዲራዎቹ ወደ ጎን ተዘረጉ። ወልደ ጻድቅ በድምፅ ማጉያ፦ «ንፋሱ ስለሚብስ እረፍት የለም። ሁለቱን ዙር አያይዘን እንጨርሳለን። ከገመዱ ማንም እንዳያልፍ።»

ገመዱ አጠገብ ቆሜ ነበር፣ ቦርሳዬን ይዤ። ልጮህ? ተኳሽ ላይ አይጮህም። ሕጉን ለሌላው ስነግር የኖርሁት እኔ ነኝ።

አዘዘ ሲተኩስ ጥይቱ ወደ ቀኝ ወጣ። ሊድያ ቆጥራ ነገረችው፣ አዞረ፤ ቀጣዩ ወደ ግራ አለፈ። ንፋሱ ጨመረ፣ እንደገና ቆጠረች፤ እንደገና አለፈ። ዓይኗን በእጅጌዋ ስትጠርግ ከሩቅ አየኋት። አዘዘ ፊቱን ከጠመንጃው ሳያነሣ አንድ ነገር አላት። ምን እንዳላት ሳልሰማ አውቃለሁ። «አይዞሽ፣ ንፋሱ ነው እንጂ አንቺ አይደለሽም።» ለእኔ የሚለኝ ነው።

አራተኛ ወጣ።

የካቲት 16
ጠመንጃውን በጨርቅ ጠቀለለው። እኔም ወረቀቶቼን ከቦርሳዬ አወጣሁ።

የካቲት 17
ሊድያ መጣች። ዓይኗ አብጧል። በር ላይ ቆማ አልገባም አለች። «እኔ ነኝ ያበላሸሁባቸው። ንፋሱን ማንበብ አልቻልኩም። ይቅርታ ይበሉልኝ፤ ከክበቡ ወጥቻለሁ።»

አፌ ላይ ደርሶ ነበር። «ግቢ ሻይ ጠጪ» ብቻ ወጣኝ። አልገባችም።

የካቲት 18
ከእራት በኋላ አዘዘ የማጣሪያውን ወረቀት ዘርግቶ እያንዳንዱን ጥይት ይከልሳል። የት ላይ እንደተሳሳተ ሊያውቅ ነው እንጂ ሊወቅስ አይደለም። ሻዩን ጨረሰና ባዶውን ብርጭቆ ጥቁሩ ክብ ላይ ደፋው። እንዲሁ፣ ሳያስብ።

ከላይና ከታች ልክ ገጠመ። ከግራና ከቀኝ ጥቁሩ ወጣ።

ብርጭቆውን አነሣው፣ መልሶ ደፋው። አዙሮ ደፋው። ከዚያ እኔን አየኝ። ወረቀቱን ሳይሆን እኔን።

«ሊድያ ይህን ስታሳይሽ ያምራል አልሽ አሉ።»
«አዎ።»
«መቼ አየሽው?»
«ጥር ላይ።»

ብርጭቆውን ከክቡ ላይ አንሥቶ ራቅ አደረገው።

«እኔ ሳልተኩስ ብኖር አልሞትም። ልጅቷን ግን ቅዳሜ ስታለቅስ ቆመሽ አየሻት።»

ወረቀቱን አጥፎ ተነሣ። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር።

የካቲት 20
ዩኒቨርሲቲው በር ላይ ጠብቄ ለሊድያ ነገርኋት። ንፋሱን በትክክል አንብበሻል፣ ክቡ ነው፣ እኔም አይቼው ነበር አልኋት።

«እና ያምራል ያሉኝ…?»
«ማማሩማ ያምራል።»

አልሳቀችም። «ለምን?» ብላ ጠየቀችኝ። ምንጣፉ ላይ ስለተቀመጥሽ አልኋት። ሞኝነቱ የታወቀኝ ከአፌ ሲወጣ ነው። ቦርሳዋን አስተካክላ ገባች።

የካቲት 22
ቅዳሜ። ብቻውን ወደ ሜዳ ሄደ። ጠመንጃውን ሊመልስ መስሎኝ ነበር። ይዞት ተመለሰ። ሊድያም መጥታ እንደነበር ከዘይነት ሰማሁ፤ ወሬ ከእሷ አያመልጥም።

የካቲት 26
አዘዘን ጠረጴዛው ላይ ተቀምጦ ወረቀት ሲያሰምር አገኘሁት። ራሱ። በሕይወቱ አሰምሮ አያውቅም። በደብተር ጠርዝ ነው የሚያሰምረው፤ የመጀመሪያው መስመር ወደ ታች ዘምሟል። ክቡን ግን በኮምፓስ አድርጎታል፣ ክብ ነው።

አልጠየቀኝም። እኔም ላግዝህ አላልሁም። የብረት ማስመሪያዬን ከመሳቢያ አውጥቼ ጠረጴዛው ጥግ ላይ አስቀመጥሁና ሎሚ ልገዛ ወጣሁ።

ስመለስ ሄዷል። ወረቀቱ አለ። ማስመሪያው ካስቀመጥሁበት ቦታ ተነሥቷል። ሁለተኛው መስመር ቀጥ ብሏል።