ከግቡ ኋላ ስለተዘረጋችው ወንበር

ለተከበሩ የኮሌጁ የሴቶች ላክሮስ ቡድን ዋና አሰልጣኝ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰነበቱ እያልኩ፣ ለእርስዎም፣ ለቤተሰብዎም፣ በየሜዳው ይዘዋት ለሚዞሩት ተጣጣፊ ወንበርም ጤናና ረጅም ዕድሜ እመኛለሁ። እኔ የባልቲሞር ነዋሪ፣ የፓታፕስኮ ሴት ልጆች ክለብ ግብ ጠባቂ የሆነችው የዴሊያ እናት ዶሪን ፒዮትሮውስኪ ነኝ። አያውቁኝም፤ እንዳያውቁኝም ብዙ ደክሜያለሁ። የኮሌጅ አሰልጣኝ ለቡድኑ ተጫዋች ሊመርጥ ሜዳ ዳር ሲቀመጥ ወላጅ ሰላም እንዳይል፣ ዳኛ እንዳይሳደብ፣ ልጁ ብትወድቅ እንኳ እንዳይነሳ፣ እኛ ወላጆች ከልጆቻችን በፊት የሠለጠንን ነን። አንድ ዝናባማ ቅዳሜ ጃንጥላዬን ላውስዎት ብድግ ብዬ ባለቤቴ ጌሪ ቀሚሴን ይዞ አስቀምጦኛል። በዚያ ቀን በመበስበስዎ እስከዛሬ አዝናለሁ።

ቅሬታዎቼ ጥቂት ስለሆኑ፣ ውድ ጊዜዎን እንዳልሻማ በተራ አቀርባቸዋለሁ።

አንደኛ፣ ስለ ዝምታዎ። ልጆቹ አሥራ አንደኛ ክፍል እስኪደርሱ ድረስ የኮሌጅ አሰልጣኝ በቀጥታ እንዳያነጋግራቸው የሚከለክል ደንብ እንዳለ አውቃለሁ። ደንቡ የወጣው ገና በሕፃንነታቸው እንዳትሻሟቸው ነው ይባላል፤ ላወጡት ሰዎች እጅ እነሣለሁ። ብቻ ማውራት ተከለከለ እንጂ ማየት ስላልተከለከለ፣ እርስዎ እያዩ ዝም ሲሉ እኛ ዝምታዎን ስንተረጉም ከረምን። በእኛ ዘንድ የአሰልጣኝ ወንበር የት እንደተዘረጋ ማንበብ የታወቀ ሙያ ነው። ከመሐል ሜዳው ትይዩ ከሆነ የመጣው ለመሐል ተጫዋቾቹ ነው፤ ከመኪና ማቆሚያው አጠገብ ከሆነ ለይሉኝታ ነው፤ ከግቡ ኋላ ከሆነ ግን ለግብ ጠባቂዋ ነው። ይህን ያስተማረን የለም፤ የሚጠራጠርም አልነበረም።

ሁለተኛ፣ ደላዌር ግዛት ስለተደረገው የክለቦች ውድድር። በዚያ የበጋ ሙቀት ሰው ሁሉ የጥላ ያለህ ሲል፣ እርስዎ የኮሌጅዎ ዓርማ ያለበትን ሸሚዝ ለብሰው ወንበርዎን ከዴሊያ ግብ ኋላ፣ ፀሐይ ላይ ዘረጉ። የተከላካያችን እናት ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ፣ «ዶሪን፣ ወንበሩን አየሽው? በቃ፣ የአንቺ ልጅ ከጭንቀቱ ተገላገለች። የእኔዋ ነች መከራዋ ገና» አለችኝ። ቅናቷን ለመሸፈን ስትል የያዘችውን ሐብሐብ በሙሉ ለእኔ ሰጠችኝ። እኔም በደስታ በላሁት።

ጥቂት ቆይቶ የሎንግ አይላንዱ ክለብ አጥቂ፣ ያቺ ቀይ ፀጉሯን የተጎነጎነችው፣ ከቅርብ የለቀቀችው ኳስ የዴሊያን ቀኝ አውራ ጣት ከነጓንቱ መታው። ኳስ የምትቀልብበት ባለመረቡ የልጄ ዱላ ከእጇ ወደቀ። ጎንበስ ብላ በግራ እጇ አነሣችውና ወደ እኔ ዞራ፣ በከንፈሯ ብቻ «ተቀመጪ» አለችኝ። እኔም ተቀመጥኩ። እርስዎ ማስታወሻ ያዙ፤ ለዚያ ትጋትዎ ከልብ አመሰግናለሁ።

በእረፍት ሰዓት የክለባችን አሰልጣኝ ትሪሽ የዴሊያን ጓንት አውልቃ ጣቷ እንደ ባሎኒ ማበጡን ስታይ፣ ተቀያሪዋን እንድታሟሙቅ አዘዘቻት። እርስዎ ግን በዚያው ቅጽበት ተነሡ፤ ወንበርዎን አጠፉ፤ ከእረፍት በኋላ ቡድኖቹ ግብ ሲቀያየሩ ዴሊያ ወደምትቆምበት ወደ ማዶኛው ግብ ወንበርዎን አንጠልጥለው ሄዱ። ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ይኖራል? ዴሊያም አየችዎት።

«አሰልጣኝ፣ እዪውማ፣ እየተከተለኝ ነው» አለቻት ለትሪሽ። «አሁን ካወጣሽኝ ምን ሊያይ ነው?»

ትሪሽ አየችኝ፤ እኔ ጌሪን አየሁት፤ ጌሪ ሣሩን አየ። ትሪሽ ጣቷን ከጠቋሚው ጋር አጣብቃ በፕላስተር ጠቀለለችላት፤ ልጄም እየሳቀች ገባች። የዚያን ቀን የመለሰቻቸውን ኳሶች እስከዛሬ ሰው ያወራቸዋል። ማታውን የጣቷ አጥንት ሁለት ቦታ መሰበሩን ሐኪሞች ነገሩን፤ በቀዶ ሕክምናም ብረት ገባበት። ሐኪሟ ዱላ አጥብቃ ትይዝ እንደሆነ ሲጠየቅ ትከሻውን ሰበቀ። እሷ ግን አልጋ ላይ ሆና የጠየቀችን፣ እስከ መጨረሻው መቀመጥዎን ነበር። «አዎ፣ ተቀምጦ ነበር» አልናት። ደስ አላት።

ሦስተኛ፣ ስለ ሴፕቴምበር የመጀመሪያ ቀን፣ ማለትም ልጆቹ አሥራ አንደኛ ክፍል ገብተው አንደበትዎ ስለሚፈታበት ዕለት። ከትምህርት ቤት አስቀርተናት ስልኩን ወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ አኑረን ከበን ተቀመጥን። አክስቷ ስትደውል ጌሪ መስመሩን እንዳትይዝ ጮኸባት። ዴሊያ «አሁን በየክፍለ አገሩ ተራ እየደወለ ነው፣ የእኛ ሜሪላንድ ገና ነው» እያለች እኛን ታጽናና ነበር። እራታችንን አሞቅነው፤ መልሰን አሞቅነው፤ ከዚያ ደፋነው።

ሲነጋ ያቺ ባለ ጉንጉን አጥቂ የኮሌጅዎን ኮፍያ አድርጋ፣ ስለተመረጠች ስታመሰግንዎት የሚያሳይ ፎቶ ሰው ሁሉ እየተቀባበለው አየን። ዴሊያ በግራ እጇ «እንኳን ደስ አለሽ» ብላ ጻፈችላት፤ ጥሩ ልጅ ነች፣ ይህን እንዲያውቁልኝ እወዳለሁ። ትሪሽ ግን አላስቻላትም፤ ስልክ አንሥታ ጠየቀችዎት። መልስዎን ቃል በቃል ነግራናለች። «የቷ ግብ ጠባቂ? እኔ እኮ አጥቂዋን ከፊት ለፊቷ ለማየት ነው እዚያ የተቀመጥኩት» አሏት፤ በጣምም ትሑት ነበሩ አለች። እውነትዎን ነው። አጥቂዋ የምትተኩሰው ልጄ በቆመችበት ግብ ላይ ስለሆነ፣ ግብ ሲቀየር ልጄን የተከተለ ሁሉ አጥቂዋንም ይከተላል። ይህን ለመረዳት ብልህ መሆን አያስፈልግም፤ ወላጅ አለመሆን ብቻ ይበቃል።

አራተኛ ብዬ ጀምሬ ነበር፤ ግን የምሞላበት አጣሁ። ደንቡን ደጋግሜ አነበብኩት። አንዱንም አልጣሱም። ጣቷን አልሰበሩም፤ ተጫወቺ አላሏትም፤ ተስፋም አልሰጧትም። የሚከሰስ ሰው ፍለጋ ዞሬ ዞሬ የማገኘው ያችን የሸራ ወንበር ብቻ ነው። እሷም የእርስዎ ናት፤ የትም ቢዘረጓት መብትዎ ነው። እኔ የዴሊያ እናት ሆኜ ሳለ ተቀመጪ ስባል የተቀመጥኩ ሰው ነኝና ማንን ልቆጣ? በጣም ተናድጃለሁ፤ ምንም ማድረግም አልችልም። ይኸው ነው።

ስለዚህ ልመናዬ ትንሽ ነው። መናገር ቢከለከልም ወንበርን ራቅ ማድረግ አልተከለከለም። ወደፊት የሚያዩዋት ልጅ ወዲያ ማዶ ከሆነች፣ ከሌላይቱ ልጅ ጀርባ አሥር እርምጃ ያህል ፈቀቅ ቢሉ፣ ሕክምና የሚያስፈልጋት ልጅ ተነሥታ ለመውጣት ድፍረት ታገኝ ይሆናል።

ፀሐይ ሳይሰለችዎ፣ ብዕርዎ ሳይነጥፍ፣ የመረጧት ልጅም ሳትጎዳ ብዙ ዋንጫ እንዲያነሡ እየተመኘሁ፣ ዛሬም እንደ ወጉ እጄን አጣጥፌ፣ ከሜዳው ዳር፣

ታዛዥዎ
ዶሪን ፒዮትሮውስኪ

ሳልረሳው፦ ዴሊያ ይህን ደብዳቤ ከመውጣቱ በፊት አንብባዋለች። ትቆጣለች ብዬ ስፈራ፣ አንድ ቃል አልነቀፈችም። «እማ፣ መጨረሻ ላይ ጣቷ ድኗል ብለሽ ጨምሪበት» ብቻ ነው ያለችኝ። ዛሬ ጠዋት የወተቱን ክዳን መክፈት አቅቷት እኔ ነኝ የከፈትኩላት። ቢሆንም አደራ ብላኛለችና፣ ክቡር አሰልጣኝ፣ ጣቷ ድኗል።